ከኋላ የመጣ ሒሳብ

የሹፌሮቹ አድማ የተጠራው ለማክሰኞ ነው፤ የናናይ ደም በማሽን የሚታጠበውም ማክሰኞ ነው። ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አንድም የለም። ሰኞ በራት ሰዓት ሬዲዮው «ከነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ናፍጣ በሊትር ስድስት ፔሶ ይጨምራል» ሲል፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ሜልኮር ማንኪያውን አስቀምጦ «አላልኳችሁም?» አለ። ባሌ ዴንሲዮ የደረቀ ዓሣውን ከእሾሁ መለየቱን ቀጠለ። የሁለቱ እናት ናናይ ኮንራዳ ውሃ እንደ ልብ መጠጣት ስለተከለከሉ የበረዶ ቁራጭ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ ሬዲዮውን ያዩታል፣ ሰው ይመስል። እኔ ሁለቱን ወንድማማቾች ተራ በተራ እያየሁ፣ አንዳቸው «ናናይስ ነገ በምን ይሄዳሉ?» እስኪል ጠበቅኩ። ሩዙ አለቀ፣ ሳህኑ ታጠበ፣ ሜልኮር ወደሚኖርበት ላይኛው ፎቅ ወጣ። በእኛ ቤት ዋናው ነገር ሁልጊዜ ሳይነገር ያድራል።

ሜልኮር ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አሁኑኑ ልበልለት፣ ኋላ ላይ አፌ እንቢ ሊለኝ ይችላልና። በወጣትነቱ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ቧንቧ ሲበይድ ኖሮ የመጣ ሰው ነው። «ዘይቱ ከጫማዬ ሥር ሲያልፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ይላል፤ ስለ ነዳጅ ሲያወራ የከዳውን ዘመድ የሚያማ ነው የሚመስለው። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ዋጋው ይቀየራል፤ ምክንያቱም አብሮ ይቀየራል። አንዴ ሩቅ ባሕር ላይ መርከብ ተመቷል፣ አንዴ የበረሃዎቹ ነገሥታት ምርት ቀንሰዋል፣ አንዴ ዶላር ተወዷል፤ ሁሉም ካልሆነ ደግሞ «የዓለም ገበያ» ይባላል፤ እሱም የት እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ሄዶ የሚጣላው ሰው የለም። ሲጨምር በፔሶ፣ ሲቀንስ በሳንቲም ነው። መንግሥት ለሹፌሮች ሰጠሁ ያለው የነዳጅ ድጎማ እንኳ ዴንሲዮ በመስመር ሰው ለሚጭንበት ታክሲያችን፣ ለጂፕኒያችን የወጣው በሟቹ አማቴ ስም ነበር፤ ፈቃዱ ዛሬም በእሳቸው ስም ነውና። ሄደን ስንጠይቅ «ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ» ተባልን። ዴንሲዮ «እሳቸው ከመጡማ ድጎማውን ለእናንተ እንተውላችኋለን» ብሏቸው ተመለሰ።

ስለዚህ ሜልኮር አድማ ሲጠራ እውነት አልነበረውም አልልም። ከሰፈራችን ከማላቦን ሞኑሜንቶ አደባባይ የሚሠሩት ጂፕኒዎች ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነው፤ የራሱንም ጂፕኒ ይነዳል፤ ስብሰባው ላይ ሁሉም ሹፌር እጁን አወጣ፣ ዴንሲዮም አወጣ። የማኅበሩ ሕግ ደግሞ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነው። በአድማ ቀን ሒሳብ ተቀብሎ ሰው የጫነ ሹፌር ታፔላውን ተነጥቆ አንድ ወር ከተራ ይወጣል። ታፔላ ሳይኖረው መንገድ ላይ ሰው ቢለቅም ፖሊስ ይቀጣዋል፤ ስለዚህ ወር ሙሉ ቆሞ ጎማው ይደርቃል፣ ቤቱም አብሮ ይደርቃል። የእኛ ቤት የሚበላው፣ የናናይም መድኃኒት የሚገዛው፣ በዚያች በአንዲት ታፔላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ባሕሩ ሞልቶ ሰፈራችን ገብቶ ነበር። ማላቦን እንዲህ ነው፤ ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ መንገዱ ኩሬ ይሆናል። ናናይ ለብሰው፣ ብርድ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጦ ነጠላ ጫማው እንኳ አልገባ ብሏቸዋል። የሚታጠቡት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ስለሆነ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ጊዜ ይረዝምባቸዋል፤ ፊታቸው ያብጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ነገር ይረሳሉ። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ «ሌላውን ቀን ቢዘሉ እንኳ ማክሰኞን እንዳይዘሉ፤ ልባቸው አይችልም» ብሎኛል። ሜልኮር ድምፅ ማጉያውን በትከሻው አንግቶ ከፎቅ ወረደና እንደ ሁልጊዜው የናናይን እጅ ይዞ ግንባሩን አስነካ፤ መረቁት።

«ለቀበሌው አምቡላንስ ትናንት ተናግሬያለሁ፤ መጥቶ ይወስድዎታል» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ «ሚንዳ፣ አንቺ ብቻ ብቅ በይና አስታውሻቸው» አለኝ። ዴንሲዮን አላየውም። ዴንሲዮም ዳቦውን ቡና ውስጥ እየነከረ እሱን አላየውም። ሜልኮር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ውሃውን እየከፈለ ወደ አድማው ሄደ።

ቀበሌ ስደርስ አምቡላንሱ ታጥቦ ቆሟል፤ ያብረቀርቃል። በጎኑ የምክር ቤት አባላቱ ፎቶ ተለጥፎበታል፣ ሁሉም ይስቃሉ። ሹፌሩ መከላከያው ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል።

«ወንድሜ፣ ናናይ ኮንራዳን ልትወስዳቸው አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። መኪናው ጤነኛ ነው እህቴ፤ የታመመው ታንከሩ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«የሦስት ወሩ የነዳጅ በጀት የተያዘው በድሮው ዋጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ተሟጠጠ። አሁን ቢሄድ ቢሄድ እስከ በሩ ነው፤ ከፈለግሽ እስከ በሩ ላድርስሽ።»

«እነዚህ ሰዎች አይገፉትም?» አልኩት ፎቶዎቹን እያየሁ።

«እነሱማ ምርጫ ሲደርስ ይገፉታል» አለና ኦቾሎኒውን ዘረጋልኝ። ዘግኜ ተመለስኩ። ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል። መንግሥት በአድማ ቀን በነጻ የሚያሰማራው የወታደር ካሚዮን ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎልማሳው ሁሉ በሁለት ሰው እየተጎተተ ነው የሚወጣበት። ናናይን እዚያ ላይ ለመስቀል ክሬን ማምጣት ነው።

ቤት ስደርስ ዴንሲዮ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቴን ሲያይ ነገሩ ገባው። የጂፕኒውን ታፔላ ከመስታወቱ ላይ አንስቶ ከወንበሩ ሥር ደበቀው፤ ታፔላ ያልሰቀለ ጂፕኒ ሥራ ላይ አይደለም፣ ታማሚ ይዞ ቢያልፍ አድመኛም አይነካውም። «ናናይና አንቺ ብቻ። ሌላ ጉንዳን እንኳ አላሳፍርም» አለኝ። ጂፕኒው የአባቱ ነው። ግንባሩ ላይ በቀይና በወርቅማ ቀለም «ኮንራዳ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ አማቴ ያኔ አዲስ ባል ነበሩ። ናናይ ከጋቢና ሌላ አልቀመጥም አሉ። ያ ቦታ የእሳቸው ነበር፤ ባላቸው ሲነዱ እሳቸው ጎናቸው ሆነው ሒሳብ እየተቀበሉ፣ መልስ እየመለሱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ሜልኮር ጥርስ ያበቀለው ጋቢናው ውስጥ፣ ጭናቸው ላይ ነው ይባላል። ደግፌ አስቀመጥኳቸውና እኔ ከኋላ ገባሁ።

ከውሃው ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አስፋልቱ ሰው ብቻ ነበር። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ዓሣ ነጋዴዋ ከነቅርጫቷ፣ ሁሉም ጠርዙ ላይ ቆሞ ያለፈውን መኪና ሁሉ በእጁ ይለምናል። ዴንሲዮ አንገቱን አቅንቶ ነዳ። «ዴንሲዮ፣ ሲስተር ሮዌና ናት!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። ናናይን መርፌ የምትወጋቸው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲሞክር የናናይ ክንድ በልዞና ጠቁሮ ነው የሚመለሰው። እሷ ካልደረሰች እኛ ብንደርስስ ማሽኑን ማን ይከፍትልናል? ዴንሲዮ ቆመ። እዚህ አገር ጂፕኒ ከቆመ ደግሞ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። የኋላው መግቢያ መዝጊያ የለው፤ ሲስተር ሮዌና አንድ እግሯን ሳታነሳ ግራና ቀኙ ወንበር ጢም አለ።

«ሥራ ላይ አይደለንም! ታማሚ ነው የያዝነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እኛም ደህና አይደለንም» አለኝ ቦርሳ ያቀፈ ሰውዬ፤ ሳቁ።

ዴንሲዮ ዞሮ «በነጻ ነው! ሒሳብ የለም! ማንም እንዳይከፍል!» አላቸው። ውረዱ ቢላቸውስ ማን ይወርድለታል? ናናይ ትንፋሽ እያጠራቸው ነበርና ነዳው። እኔ ሌላ ሰው እንዳይንጠለጠል የኋላው ደረጃ ላይ ቆሜ «ሞልቷል፣ ሥራ አይደለም፣ ሞልቷል» እያልኩ መጣሁ። ስለዚህ ፊት የሆነውን አላየሁም፤ የነገረኝ ዴንሲዮ ነው።

ጂፕኒ ውስጥ ረዳት የለም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ፣ እንዲህ እያለች ገንዘቧ ሹፌሩ ትከሻ ላይ ትደርሳለች፤ መልሱም በመጣበት እጅ ይመለሳል። በዚህ ከተማ ስልክ ይመነተፋል፣ ቦርሳ በምላጭ ይቀደዳል፤ የጂፕኒ ሒሳብ ግን በሰው እጅ ላይ ስትጠፋ አላየሁም። ዴንሲዮ በነጻ ነው ሲል ሁሉም ሰምቷል፤ እጃቸው ግን አልሰማም። አንዲት ተማሪ «ሒሳብ» ብላ ዘረጋች፤ ጎኗ ያለው ሳያስብ ተቀብሎ አሳለፈ፤ የመጨረሻው ሰው ወደ ሹፌሩ ሊዘረጋ ሲል የናናይ እጅ ከጋቢና ወደ ኋላ ተዘርግቶ ጠበቀው። ዓይናቸው ተከድኖ ነበር ይላል ዴንሲዮ። «የስንት ሰው ነው? ተማሪ ናት?» አሉ። ኖቱን በቁመቱ አጥፈው በግራ እጃቸው ጣቶች መሃል ሰኩት፤ ድሮ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ሌላም መጣ።

«ናናይ፣ አይቀበሉ፤ ዛሬ አንሠራም» አላቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ፤ ተቀበሉ። ለተማሪዋ መልስ ሲሰጡ የተማሪ ቅናሹን እንኳ አልረሱም፤ ትናንት የእኔን ስም የረሱ ሴት። ዴንሲዮ ይህን ሲነግረኝ፣ «ፊታቸው በራ ሚንዳ። እንዲህ ሆነው ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ ነው? ከእጃቸው ልንጠቃቸው?» አለኝ። ልክ አደረግክ አልኩት። እኔም ብሆን አልነጥቃቸውም ነበር።

ሞኑሜንቶ አደባባይ ስንደርስ አድመኞቹ መንገዱን በገመድ ዘግተውታል። ከፊት ሜልኮር ነው፤ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አቃጥሎት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ኮንራዳ» የሚለውን ጽሑፍ ከሩቅ ሲያይ ደነገጠ፣ ጠጋ ሲልና ታፔላው እንደሌለ፣ ናናይም ጋቢና እንዳሉ ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። «ገመዱን አንሱ፤ ታማሚ ነው፤ እናቴ ናቸው» አለ። ሰዎቹ ማንሳት ጀመሩ። ሩፊኖ የሚባል ረጅም ሹፌር ግን ወደ ኋላ ዞሮ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ።

«ሊቀመንበር፣ ታማሚው ሃያ ነው እንዴ?»

«በነጻ ነው ኩያ» አለ ዴንሲዮ፤ ታላቅ ወንድሙን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው ኩያ ብሎ ነው። «ለነርሷ ስቆም ነው የገቡት። አንድ ሳንቲም አላስከፈልኩም።»

«እውነቱን ነው፣ በነጻ ነው ያለን» አለ ባለቦርሳው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜልኮር ሊያምን ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። በዚህ መሃል ናናይ ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን አዩና፣ ኖት በየጣቱ መሃል የተሰካበትን ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሜልኮር፣ ያልከፈለ አለ?» አሉት።

ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ከኋላ ወርደው እንደ ጨው ቀለጡ። ሜልኮር የናናይን እጅ ያያል፣ ወንድሙን ያያል፣ ተመልሶ እጃቸውን ያያል። ሩፊኖ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ፤ ቢጮህ ይሻለን ነበር።

«ባለፈው አድማ የእኔን ወንድም ወር ሙሉ አስቁመኸዋል። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ መጥቼ ለምኜሃለሁ። ሕግ ዘመድ አያውቅም አልከኝ። በዚህችው በድምፅ ማጉያህ።»

«ኩያ ሜልኮር!» አልኩ እኔ፤ «አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም! ሄጄ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት! ምን እናድርግ፣ በጀርባችን እንዘላቸው?»

ሰማኝ። ጠጋ ብሎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔስ ምን ላድርግ ሚንዳ?» አለኝ። ከዚያ ቀና አለና «ታፔላውን አምጣ። አንድ ወር» አለ ለወንድሙ። ዴንሲዮ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አወጣና ሰጠው። ከሁሉ የበለጠ ያበገነኝ ሳይከራከር መስጠቱ ነው። ሕጉ ጂፕኒውንም እስከ ማታ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ማሰር ስለሆነ ሩፊኖ ቁልፉን ተቀበለ። ናናይ ነገሩ አሁን ገባቸው። «የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ከተራ እኔን አስወጣኝ» አሉ። ሜልኮር ያንን እንዳልሰማ አልፎ «ናናይ፣ ደም ማጠቢያው ቅርብ ነው፤ ልሸከምዎት» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ተው ልጄ፤ አንተ ሥራ ላይ ነህ» አሉት። ተቆጥተው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን እውነታቸውን ነው፣ ሥራውን እንዳያስፈቱት ነው የፈሩት። እኔና ሲስተር ሮዌና ግራና ቀኝ ይዘን፣ በየመብራት ምሰሶው እያረፍን ወሰድናቸው። ኖቶቹ ጣታቸው መሃል እንደተሰኩ ናቸው፤ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።

ማጠቢያው ክፍል ቀዝቃዛ ነው። ማሽኖቹ ይንጫረራሉ፣ ሰዎቹ ዝም ይላሉ፣ ቴሌቪዥኑ ለብቻው ያወራል። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ፣ በቴሌቪዥኑ የአድማው ታላላቅ መሪዎች ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሲጨባበጡ ታየ፤ አድማው ተነሥቷል፣ የነዳጁ ጉዳይ በኮሚቴ ይጠናል፣ የዛሬው ጭማሪ ግን እንዳለ ነው። ከናናይ ጎን የተኛው ሽማግሌ «ኮሚቴ! የእኔም ኩላሊት ሲሞት የሐኪሞች ኮሚቴ ያጠናው ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለዴንሲዮ መልእክት ላክሁለት፦ «አድማው ተነሣ። ታፔላህን መለሰልህ?» ቆይቶ መለሰ፦ «አልመለሰም። ስትጥስ አድማው ላይ ነበርን ይላል። ሩፊኖም እዚያው ቆሟል።» በቁስል ላይ እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። ንዴቴን መያዝ አቃተኝ፤ የሜልኮርን ሕግና ድምፅ ማጉያውን አንድ ላይ ረገምኩ፤ የወሩን ሩዝ ከየት እንደማመጣ፣ መድኃኒቱን በምን እንደምገዛ፣ ናናይ እየሰሙኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሰምተው ሲያበቁ «ዴንሲዮ ምሳ በላ?» አሉኝ።

«አላውቅም ናናይ።»

«ሜልኮርስ?»

ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አድርጌ አለበስኳቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ ዥንጉርጉሩን ሁሉ እኩል መውደድ ያለባት ግን እናት ብቻ ናት። ናናይ መርፌ ያልገባበትን እጃቸውን አንሥተው ኖቶቹን እንደ አዲስ አዩአቸው። «መሐረቤ ውስጥ ቋጥሪልኝ» አሉኝ።

ከታጠቡ በኋላ ናናይ ጉልበታቸው ይደክማል እንጂ ሐሳባቸው ይጠራል፤ ስንወጣ ሌላ ሴት ነበሩ። ተራው እንደ ድሮው ተደርድሯል፣ ተራ አስከባሪው «ማላቦን! ማላቦን! የሞላ የሚሄድ!» ይላል፤ ጠዋት አድማ የነበረ አይመስልም። ማደያው ላይ ብቻ አዲሱ ዋጋ በቀይ ቁጥር ይበራል። ግቢው ውስጥ «ኮንራዳ» ጎማዋ በሰንሰለት ታስሮ ቆማለች፤ ዴንሲዮ ባዶ መስታወቷን ይወለውላል። ከሩቅ አይቶን እጁን አነሣ፣ አልመጣም። ተራው ፊት የቆመው ጂፕኒ የሜልኮር ነበር። ሲያየን ዘሎ ወረደና የጋቢናውን በር ከፈተ፤ ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጎበታል።

«ናናይ፣ ይግቡ። ለእርስዎ ይዤዋለሁ፤ ስንቱን መለስኩበት» አላቸው።

ናናይ ትራሱን አዩት። ክንዴን ይዘው፣ በጎኑ አልፈው፣ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለት ሰው አግዞን ወጣን። መግቢያው አጠገብ የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ጭሱም አቧራውም የሚያገኛት፣ ለቅርብ ወራጅ የምትሆን ቦታ ናት። ጂፕኒው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ መሐረባቸውን ፈትተው አንድ ሃምሳ ፔሶ አወጡ። ጎናቸው ያለውን ተማሪ ነካ አድርገው «ሒሳብ» አሉ፤ ከዚያ ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ሁለት ማላቦን! አንዷ አሮጊት ናት!» አሉ።

ኖቱ ሄደ። ከተማሪው ወደ ዓሣ ነጋዴዋ፣ ከእሷ ባርኔጣ ወዳደረገው፣ ከእሱ ወደ ሜልኮር ትከሻ። ትንሽ ቆይቶ ያው ሃምሳ ፔሶ በመጣበት እጅ ተመለሰ።

«እማማ፣ ሹፌሩ አልቀበልም ይላል» አለ ተማሪው።

«ለምን? ገንዘቡ ውሸት ነው?» አሉና መልሰው ሰጡት። ሄደ፣ ተመለሰ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ዓሣ ነጋዴዋ «ሹፌር፣ ነጻ ከሆነ የእኔንም መልስልኝ እንጂ! ዛሬ ናፍጣ ረከሰ እንዴ?» አለች። ሜልኮር በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ «እናቴ ናቸው!» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ።

«ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ» አሉ ናናይ፤ ሃምሳውን ለሦስተኛ ጊዜ ለተማሪው ሰጡት። አሁን ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም እንደሚሰበር ነገር በሁለት እጁ ተቀብሎ አሳለፈው። ትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብናል፤ ጂፕኒው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መልሱ መጣ። ለእኔ አሥራ ሦስት፣ ለእሳቸው የአዛውንት ቅናሹ ተቀንሶ አሥራ አንድ፣ የተረፈው ሃያ ስድስት ፔሶ። ናናይ ሳንቲሞቹን በመዳፋቸው ላይ ገላለጡና «ልክ ነው» አሉ። ድምፃቸው እስከ ፊት ሄደ። ለማን እንደማዝን አላወቅኩም። የጠዋቱ ሒሳብ ለስንት ጉዞ እንደሚበቃ በልቤ ማስላት ጀመርኩና ተውኩት።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ናናይ «ወራጅ አለ!» አሉ። ውሃው ገና አልጎደለም። ሜልኮር ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ተቀብሎ አወረዳቸው።

«ናናይ፣ ከእርስዎ ሒሳብ ተቀብዬ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?»

«ሐሙስ ጠዋት በዚህ ታልፋለህ?»

«አልፋለሁ ናናይ። በር ድረስ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ሐሙስም እከፍላለሁ፣ ቅዳሜም እከፍላለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ናናይ እጃቸውን ሰጡት። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን አስነካ፣ እንደ ጠዋቱ ቶሎ አልለቀቀም፤ እሳቸውም አልነጠቁትም። እግዜር ይባርክህ ብለው መረቁት፣ በሌላው እጃቸው ያን የጠዋት ፀሐይ ያቃጠለውን አንገቱን ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ክንዴን ያዙ።

«አንድ ወር» አሉት።

ሜልኮር ውሃው ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ከኋላው ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ እኔና ናናይ ቀስ እያልን ወደ ቤት ገባን።